መዝጊያ፦ የካሜራው «ሸተር» በአማርኛ ሲጠራ

ሸተር በካሜራ ውስጥ ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያልፍበትን መንገድ ዘግቶ የሚጠብቅ፣ ፎቶ አንሺው ቁልፉን ሲጫን ደግሞ ለተለካች ቅጽበት ከፍቶ መልሶ የሚዘጋ ክፍል ነው። በባለሙያዎች አፍ ስሙ እንደመጣ «ሸተር» ሆኖ ቀርቷል። ይህ ጽሑፍ በምትኩ «መዝጊያ» የሚለውን ቃል ያቀርባል። ምክንያቱ ለባዕድ ቃል ጥላቻ አይደለም። አንድ አሮጌ የፊልም ካሜራ «ሸተሩ አልሠራ አለ» ሲባል ከጀርባው ያለው ሕመም ብዙ ዓይነት ነው። ክፍሉን በሥራው የሚጠራ ሰው ሕመሙንም ለይቶ ለመጥራት ይቀርበዋል፤ ሕመሙን ለይቶ የጠራ ደግሞ በጥቂት ጥንቃቄ የሚድነውን ዕቃ በጉልበት አይሰብረውም።

ቃሉ ከቤታችን የተገኘ ነው። በዕለት ንግግር ብናቀላቅላቸውም፣ በር የሚባለው መግቢያው ክፍተት ሲሆን መዝጊያ የሚባለው በክፍተቱ ላይ የሚገጠመው ሳንቃ ነው። በካሜራም ልክ እንዲሁ ነው፤ ብርሃኑ የሚገባበት ቀዳዳ አንድ ነገር፣ ቀዳዳውን የሚዘጋው ክፍል ሌላ ነገር ነው። ከሌንሱ ፊት የሚደፋው መሸፈኛ ደግሞ «ክዳን» የሚል የራሱ ስም ስላለው ከመዝጊያ ጋር አይምታታም። የሁለቱን ልዩነት ታሪክም ይመሰክረዋል። የዳጌር የፎቶግራፍ ዘዴ በ1839 ይፋ ሲወጣ አንድ ምስል ለማንሳት ደቂቃዎች ይፈጅ ስለነበር ፎቶ አንሺው ክዳኑን በእጁ አንሥቶ በእጁ መመለስ ይበቃው ነበር። በ1871 ሪቻርድ ማዶክስ የጄላቲን ደረቅ ሳህንን ካስተዋወቀና ዘዴው ከተሻሻለ በኋላ ግን ምስል ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መነሣት ጀመረ፤ ለዚህ የሰው እጅ አይደርስም። ክዳን ሥራውን ለመዝጊያ ያስረከበው ያኔ ነው።

መዝጊያ ሁለት ዋና ዓይነት አለው። አንደኛው በሌንሱ ውስጥ የሚቀመጥና እንደ አበባ ከመሐል ወደ ዳር የሚፈነዳ፣ ከስስ የብረት ክንፎች የተሠራ ነው፤ «ባለ ክንፍ መዝጊያ» ብንለው ይገልጸዋል። በሙኒክ የፍሪድሪክ ዴክል ፋብሪካ የሠራውና ከ1929 ጀምሮ በሮሊፍሌክስ ካሜራዎች ላይ የተገጠመው ኮምፑር የዚህ ዓይነት ነው። ሁለተኛው ከፊልሙ ፊት ለፊት የሚሮጡ ሁለት መጋረጃዎች ያሉት ነው፤ የመጀመሪያው እየሸሸ ይከፍታል፣ ሁለተኛው እየተከተለ ይዘጋል። በ1925 ለገበያ የቀረበው ላይካና በሶቭየት ኅብረት በክራስኖጎርስክ የተመረተው ዜኒት-ኢ ጎማ የተቀባ የጨርቅ መጋረጃ ነበራቸው። ይህን «ባለ መጋረጃ መዝጊያ» እንበለው። ስሞቹ ለጠጋኙ ወዲያው አንድ ነገር ይነግሩታል፤ የብረት ክንፍ በዘይት ይጣበቃል፣ የጨርቅ መጋረጃ ግን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይበሳል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው «የሸተር ፍጥነት» የሚባለው ነው። ይህ አነጋገር ያሳስታል። በዜኒት-ኢ ላይ መቆጣጠሪያው 1/500 ሰከንድ ላይም ይሁን 1/30 ላይ መጋረጃዎቹ የሚሮጡበት ፍጥነት ያው ነው። የሚለየው ሁለተኛው መጋረጃ የመጀመሪያውን ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚከተል ነው። በ1/500 ቶሎ ስለሚከተለው ብርሃን በጠባብ ስንጥቅ ብቻ ያልፋል፤ በ1/30 የመጀመሪያው ፊልሙን ሙሉ በሙሉ እስኪከፍት ይጠብቃል። ስለዚህ ትክክለኛው አጠራር «የመዝጊያ ጊዜ» ነው። በጥገናም ልዩነቱ ይታያል። የመጀመሪያው መጋረጃ በቆሻሻ ከተጎተተ፣ ሁለተኛው በመንገድ ይደርስበትና ስንጥቁን ይደፍነዋል፤ በ1/500 የተነሣው ፎቶ አንድ ጎኑ ይጠቁራል፣ በ1/30 የተነሣው ግን ደኅና ይመስላል። «ፍጥነት» ብሎ ያሰበ ሰው ሞላውን ይበልጥ ለመወጠር ይቸኩላል። «ጊዜ» ብሎ ያሰበ ግን በሁለቱ መጋረጃዎች መካከል ያለው ርቀት ለምን እንደጠበበ ይጠይቃል፤ መልሱም ብዙውን ጊዜ የሞላ ድካም ሳይሆን ቆሻሻ ሆኖ ይገኛል።

አሁን ወደ ሕመሙ እንምጣ። አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ነው፤ «አልሠራ አለ» ከሚለው ጥቅል አነጋገር ሌላ ቢያንስ አራት የተለዩ ግሦች አሉት። መዝጊያ ይጣበቃል፤ የቆየ ዘይትና ግሪስ ወፍሮ ክንፎቹን ወይም ጥርሶቹን ሲይዛቸው ነው። መዝጊያ ይነክሳል፤ ጠመንጃ ነከሰ እንደሚባለው፣ የሚገጣጠሙ ብረቶች ያለ ቦታቸው ተያይዘው ሲቀሩ ነው። በፌድና በዞርኪ ካሜራዎች ሞላው ሳይወጠር የመዝጊያውን ጊዜ መለወጥ ለዚህ ይዳርጋል። መዝጊያ ይላላል፤ ሞላው ሲደክም ነው። መዝጊያ ይደርቃል፤ የመጋረጃው ጎማ ሲያረጅ ነው። ከእነዚህ በፊት ግን ካሜራው በእርግጥ መታመሙ ይረጋገጥ። በ1976 የወጣው ካነን ኤኢ-1 ባትሪው ካለቀ መዝጊያው ጨርሶ አይንቀሳቀስም፤ ዜኒት-ኢ ደግሞ ባትሪ የሚባል የለውም። የፊልም ማሳለፊያው እጀታ አልሄድ ካለም ፊልሙ አልቆ ሊሆን ይችላል።

ከአራቱ መጣበቅን ለመለየት ዓይንና ጆሮ ይበቃሉ። ፊልሙ ከወጣ በኋላ ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙሮ፣ በእያንዳንዱ የመዝጊያ ጊዜ ላይ እየተኮሱ ማየትና ማዳመጥ ነው። ባለ ክንፍ መዝጊያ በአጭር ጊዜ ደኅና እየሠራ በአንድ ሰከንድ ላይ ክፍት ሆኖ ከቀረ፣ ችግሩ ክንፎቹ ላይ አይደለም፤ ረጅሙን ጊዜ እንደ ሰዓት የሚቆጥሩት ጥርሶች ተጣብቀዋል። በሁሉም ላይ ቀስ ብሎ የሚከፈት ከሆነና በክንፎቹ ላይ የዘይት ወዝ ከታየ ክንፎቹ ራሳቸው ተጣብቀዋል። በብርድ ጠዋት እምቢ ብሎ ሲሞቅ የሚሠራም የወፈረ ቅባት ምልክት ነው። ክንፎቹ ደረቅ ሆነው እንዲሠሩ የተበጁ ናቸውና፣ «ዘይት ጠብ ላድርግበት» ማለት በሽታውን መጨመር ነው። መድኃኒቱ ለላይተር የሚሸጠው ንጹሕ ቤንዚን ነው፤ ጥጥ ጫፍ ላይ ጥቂት ብቻ ነክሮ መጥረግ፣ መተኮስ፣ እስኪተንን መጠበቅ፣ ከዚያ ጥጡ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ መደጋገም። የውጭ መመሪያዎች ይህን ፈሳሽ «ናፍታ» ይሉታል፤ ከመኪናው ናፍጣ ጋር ፈጽሞ እንዳይምታታ፣ ናፍጣ ራሱ ቅባት ነው። ሥራው ከእሳት ርቆ፣ መስኮት ተከፍቶ ይሠራ። ጎማ የተቀባ መጋረጃ ግን ይህን ፈሳሽ አይወድም፤ ጎማውን ይጎዳዋል። ፍላሽ አብሮት የተሠራ ካሜራም ያለ እውቀት አይከፈት፤ በውስጡ ያለው ካፓሲተር 300 ቮልት ያህል ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ሦስት ተቃውሞዎች ይጠበቃሉ። የመጀመሪያው «ሸተር ገብቶናል፣ ለምን ይለወጣል?» የሚል ነው። ሞላ፣ ብሎንና ካቻቢቴ ከጣሊያንኛ መጥተው የእኛ ሆነዋል፣ ይኑሩም፤ «ሸተር»ም ከባለሙያው አፍ እንዲወጣ ማንም አያስገድድም። ነገር ግን ለጀማሪ የሚጽፍና የሚያስተምር ሰው ራሱን የሚያብራራ ቃል ያስፈልገዋል፤ «ባለ መጋረጃ መዝጊያ» የሰማ ተማሪ ዕቃውን ሳያይ ግማሹን ያውቀዋል። ሁለተኛው «ክፍሉ ይከፍትም የለ? ለምን በመዝጋቱ ብቻ ይጠራል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም መዝጊያው ዕድሜውን የሚያሳልፈው ተዘግቶ ነው፤ ጀርመንኛውና ፈረንሳይኛውም ስሙን ያወጡለት ከመዝጋት ነው። የቤታችን መዝጊያስ ቢሆን በየቀኑ ይከፈት የለ? ሦስተኛው «የፊልም ካሜራ ዘመኑ አልፏል» የሚል ነው። ፊልሙ ቢያልፍም መዝጊያው አላለፈም፤ ብዙ ዲጂታል ካሜራዎች ዛሬም የብረት መጋረጃ አላቸው፣ የስልካችን ካሜራም የመዝጊያን ጊዜ በኤሌክትሮኒክስ ይለካል። ቃሉ ከአሮጌው ዕቃ ጋር አይቀበርም።

እንግዲህ በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ «ተበላሽቷል» ተብሎ የተቀመጠ የአባት ወይም የአያት ካሜራ ያላችሁ ሁሉ፣ ከመጣላችሁ ወይም እጀታውን በጉልበት ከማዞራችሁ በፊት ጥያቄውን ለውጡት። «ካሜራው ለምን አልሠራም?» ሳይሆን «መዝጊያው ተጣበቀ፣ ነከሰ፣ ላላ ወይስ ደረቀ?» ብላችሁ ጠይቁ። የተጣበቀ ይጸዳል፤ የነከሰ፣ የላላና የደረቀ ወደ ባለሙያ ይሄዳል።