ቃል ላልወጣላቸው ሰዎች የመግባቢያ መሣሪያዎች፦ ጥናቱ የት ደረሰ? እኛስ ምን እንሥራ?

የካምፕ አስተማሪ ነኝ። ይህን የምጽፈው የስዕል ካርድ ላሳትም ከመጣሁበት ከጅቡቲ ከተማ ነው። ካርዱ ለአንድ ተማሪዬ ነው። ልጁ ሁሉን ይሰማል፣ ይረዳል፤ ቃል ግን አይወጣውም። ሰፈሩ «ዲዳ» ይለዋል። እናቱ ስዕሉን ስታይ «መምህር፣ በዚህ ከለመደማ መናገሩን ጭራሽ ይተወዋል» አለችኝ። ፍርሃቷ የብዙ ወላጆች ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ስዕል ንግግርን ያስተዋል?

አያስተውም። ሚላር፣ ላይትና ሽሎሰር የተባሉ ተመራማሪዎች የቀደሙ ጥናቶችን መርምረው በ2006 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አወጡ። በጥንቃቄ ከተመዘኑት 27 ሰዎች ውስጥ 89 በመቶው ንግግራቸው ጨመረ። የብዙዎቹ ለውጥ ትንሽ ነበር፤ የቀሩት ባሉበት ቆዩ። ንግግሩ የቀነሰ ግን አንድም ሰው አልተገኘም።

መሣሪያዎቹ ምን ምን ናቸው?

ቀላሉ የስዕልና የፊደል ሰሌዳ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ስቲቨን ሆኪንግ በ1985 ድምፁን ሲያጣ መጀመሪያ የተግባባው በፊደል ካርድ ነበር፤ ሌላ ሰው ፊደሉን ሲጠቁምለት ቅንድቡን ያነሳ ነበር። ኮምፒውተሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ስዕል ሲነካ የሚናገር የስልክ መተግበሪያና የዓይን እንቅስቃሴ የሚከተል መሣሪያ አለ። በ2023 ደግሞ በአሜሪካ ሁለት የተመራማሪዎች ቡድን አንጎል ላይ በተተከለ መሣሪያ፣ መናገር ላቃታቸው ሰዎች በደቂቃ 62 እና 78 ቃል ማውጣት ችለዋል። ይሄ ገና ምርምር ላይ ያለ ነው፤ ካርቶን ግን ዛሬም እጃችን ላይ አለ።

በአገራችንም ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ለማስተማር ሲጣጣሩ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በፊደላችን ድምፅ ላይ የተመሠረተ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለ ማስተማሪያም አዘጋጁ። በ2021 ቢያርፉም የጀመሩት ሥራ ቀርቷል።

በካርቶን እንዴት ይሠራል?

ገና ላልተማረ ልጅ «አዎ»፣ «አይ»፣ «ውሃ»፣ «አመመኝ»፣ «በቃ» የሚሉ ስዕሎች ይበቃሉ። አራሳክ የተባለው የስፔን ድረ ገጽ ስዕሎችን በነፃ ይሰጣል፤ በእጅ መሳልም ይቻላል። ማንበብ ለሚችል ሰው 231 ፊደል መደርደር አያስፈልግም። 33ቱን ግዕዞች ጻፉ፣ ከሥር ከ1 እስከ 7 ቁጥር አድርጉ። «ውሃ» ለማለት ወ እና 6፣ ቀጥሎ ሀ እና 4 መጠቆም ነው።

ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ እናንተም ስታወሩ ስዕሉን እየጠቆማችሁ አውሩ፤ ልጅ የሚማረው አይቶ ነው። ሁለተኛ፣ ጠይቃችሁ በትዕግሥት ጠብቁ። ሦስተኛ፣ እጁን ይዛችሁ አትጠቁሙለት። በሙከራ እንደታየው ያኔ የሚወጣው ቃል የያዘው ሰው እንጂ የልጁ አይደለም። እጁ የማይታዘዝለት በዓይኑ ይጠቁም።

ተማሪዬ መጀመሪያ የጠቆመው «በቃ» የሚለውን ነው። ትምህርቱ ሰልችቶት ነበር። እኔም ደብተሬን ዘጋሁ፤ ምክንያቱም ተናግሯላ! እናቱ አጠገቡ ቆማ ነበር። አሁን ካርዱን ራሷ ናት ይዛለት የምትመጣው።