ማኅተምና አድራሻ፤ ከእንጦጦ ደብዳቤ እስከ ስውር መረብ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1889 በእንጦጦ ማርያም ዘውድ በጫኑበት ዘመን የንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤ የሚታወቀው በፊርማ አልነበረም፤ በደብዳቤው ራስ ላይ በሚያርፈው የአንበሳ ማኅተም ነበር እንጂ። ቤተ መንግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ከወረደና የእንግሊዝ ሌጋሲዮን በተራራው ግርጌ፣ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በሚባለው ሥፍራ፣ ከሰፈረ በኋላም ልማዱ ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ ማኅተም በዓይን የሚታይ ነገር ነውና ብልህ ቀራጭ ሊያስመስለው ይችላል።

ይኸው ችግር ከመቶ ዓመት በኋላ በኮምፒዩተር ላይ ተመልሶ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 በውጭ አገር ለሚኖሩ የኦሮሞ ተሟጋቾች የተላኩ ኢሜይሎች ኢስትአፍሮ የተባለውን የኤርትራ የቪዲዮ ድረ ገጽ ወደሚመስል ገጽ ይመሩ ነበር። የእውነተኛው አድራሻ በ«ኮም» ሲያበቃ የአስመሳዩ በ«ኔት» ያበቃል። ተመልካቹ ቪዲዮውን ለማየት የፍላሽ ማጫወቻውን እንዲያድስ ይጠየቃል፤ አብሮት የሚገባው ግን የስለላ ፕሮግራም ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ በ2017 መጨረሻ ባወጣው ጥናት ፕሮግራሙ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ሥራ መሆኑንና ዘመቻው ከኢትዮጵያ ይመራ እንደነበር የሚያመለክት ማስረጃ አቀረበ።

እ.ኤ.አ. በ2012 በኢትዮጵያ ታግዶ በነበረው በቶር መረብ ውስጥ ለሚገኙ ስውር አገልግሎቶች ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው፤ ለመሐንዲስም ይበልጥ የሚያስደንቀው ይህ ነው። በዚያ አድራሻ የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት የለም። አድራሻው ራሱ ከአገልግሎቱ ይፋዊ ቁልፍ የተሠራ ስለሆነ፣ ምስጢራዊውን ቁልፍ ያልያዘ ሰው በዚያ አድራሻ ሊመልስ አይችልም። ሊቀረጽ የማይችል ማኅተም ተገኘ ማለት ነው! ዋጋው ግን ውድ ነው፤ አድራሻው 56 ፊደላትና አኃዞች ያሉት፣ ማንም በቃሉ ሊይዘው የማይችል ሆነ። በ2021 የተሻረው የቀድሞው ዓይነት 16 ብቻ ነበሩት።

አስመሳዩ የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ኮምፒዩተሩን ያለ ዕረፍት በማሠራት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፊደላት የሚመሳሰሉለትን ቁልፍ ያገኛል፤ ተጠቃሚውም መጀመሪያውን ብቻ አይቶ ያልፋል። ከዚህም የከፋው፣ አስመሳዩ ገጽ የተጻፈለትን ሁሉ ለእውነተኛው አገልግሎት አስተላልፎ መልሱን ሊያመጣ መቻሉ ነው። ስለዚህ የይለፍ ቃሉ መሥራቱ፣ የቀድሞ መልእክቶችም በቦታቸው መገኘታቸው ምንም አያረጋግጥም። የቁልፍ ምልክቱም ቢሆን መስመሩ መመስጠሩን እንጂ ባለቤቱ ማን መሆኑን አይናገርም።

የሚያዋጣው አድራሻውን አገልግሎቱ ራሱ ካሳተመበት ቀድሞ ከሚታወቅ ገጽ መውሰድ፣ ሙሉውን አስተያይቶ በኮምፒዩተር ማስቀመጥ፣ ከዚያም ሁልጊዜ ከተቀመጠው መክፈት ነው። ቢቢሲም የቶር አድራሻውን በ2019 ያስታወቀው በራሱ የዜና ገጽ ላይ ነበር።