ከቦነስ ወደ ድርሻ፦ የትርፍ ክፍፍል ግብረገባዊ መሠረት

ሰኔ 30 ሒሳብ ተዘግቶ ትርፉ ሲታወቅ፣ በብዙ ድርጅቶቻችን ሠራተኛው እርስ በርሱ የሚጠያየቀው «ዘንድሮ የስንት ወር ይሰጡን ይሆን?» እያለ ነው። መስጠትም መንፈግም በአሠሪው ፈቃድ እንደሆነ አነጋገሩ ራሱ ይመሰክራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ቦነስን ከደመወዝ ትርጓሜ ውጭ አድርጎታል። እኔ ግን የትርፍ ድርሻ ባለሀብቱ ያለበት ዕዳ እንጂ ችሮታው አይደለም እላለሁ።

ትርፉ የባለሀብቱ ብቻ ነው የሚሉ ወገኖች ዋና መከራከሪያ «ኪሳራውንም የሚሸከመው እሱ ነው» የሚል ነው። ብቻውን ነው የሚሸከመው? እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ምርቷን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምትልክበት ከአጎዋ ዕድል ስትታገድ፣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከስፌት መኪናቸው የተነሡት ወጣት ሴቶች ለእገዳው ምክንያት በሆነው በሰሜኑ ጦርነትም ሆነ በዋሽንግተኑ ውሳኔ ላይ አንዳች ቃል አልነበራቸውም። አንዲት ጠባብ ክፍል ለብዙ ተከራይተው፣ ከደመወዛቸው ቆንጥረው ለወላጅ የሚልኩ ነበሩ። ባለሀብት ገንዘቡን በተለያየ ሥራ ላይ መበተን ይችላል፤ ሠራተኛ ጉልበቱን ለሁለት ፋብሪካ መክፈል አይችልም። ገበያ ሲከፋ ቀድሞ የሚቀነሰውን ሰው፣ ገበያ ሲቀና «ድርሻ የለህም» ማለት በደል ነው።

ዕዳ ደግሞ ልኩ መታወቅ አለበት። ጭሰኛ ምርቱን ለባለመሬቱ የሚያካፍልበት የእኩል አራሽ ሥርዓት ግፍ የሞላበት ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. መሻሩም ተገቢ ነው። ሆኖም ጭሰኛው እህሉ ሲሰፈር አውድማው ላይ ቆሞ ቁናውን ይቆጥር ነበር። የዛሬው ሠራተኛ ያስገኘውን ትርፍ የሚያይበት አውድማ የለውም። የትርፍ ክፍፍልን እ.ኤ.አ. በ1917 ሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 123 የደነገገችው ሜክሲኮ ይህን አስባበታለች። አሠሪው ግብር ከሚከፈልበት ትርፍ 10 በመቶውን ያካፍላል፤ ግማሹ በሠሩበት ቀን ብዛት፣ ግማሹ በደመወዝ መጠን ይደለደላል። ለእኔ ከመቶኛው ይልቅ የሚበልጠው፣ አሠሪው ለግብር ያቀረበውን ዓመታዊ መግለጫ ቅጂ ለሠራተኞቹ የመስጠት ግዴታ ያለበት መሆኑ ነው።

ድርሻው ደመወዝን አይተካም፤ ያልተገኘ ትርፍም አይከፋፈልም። ለዚህ ሁሉ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያሻም። በኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ የክፍፍል ቀመርና ሒሳቡን የማየት መብት ማስፈር ዛሬም ይቻላል፤ ጠረጴዛው ላይ ማቅረብ ግን ከባለሀብቱ መጀመር አለበት፤ ባለዕዳው እሱ ነውና።