የዘይት ጽዋ መሻሻልና የኤላይጃ ማኮይ ታሪክ

ሁለት ብረቶች እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ ይግላሉ፤ ሲግሉም ይበላሉ፤ ነገሩ ከቀጠለም እርስ በርስ ይነካከሱና መኪናው ጨርሶ ይቆማል። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የስፌት መኪና ለብዙ ጊዜ ዘይት ሳይጠጣ የቀረ እንደ ሆነ ፔዳሉን መርገጥ እንዴት እንደሚከብድ እናቶቻችን ያውቃሉ። የወፍጮ ቤት ሠራተኛም ኩሽኔታው ሲጮህ ሲሰማ ምን እንደ ጎደለው ሳይጠይቅ ዘይቱን ይዞ ይመጣል። የመኪና ምግቡ ከሰል ወይም ነዳጅ ነው፤ ዳሩ ግን ያለ ዘይት ምግቡ ምንም አይጠቅመውም።

ስለ ታላላቅ መኪናዎች አፈጣጠር ብዙ ተጽፏል። ለእነዚያ መኪናዎች ዘይት ስለምታደርሰው ትንሽ ጽዋ ግን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ለትምህርት ቤታችን የበዓል መታሰቢያ መጽሔት የዚህችን ጽዋ ታሪክ፣ እርሷንም ለማሻሻል ዕድሜውን ሙሉ የደከመውን የኤላይጃ ማኮይን ታሪክ መርጠን አቅርበናል። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልን አስቀድመን እናሳስባለን።

የመጀመሪያዎቹ የዘይት ጽዋዎች እጅግ ቀላል ነበሩ። አንዲት ትንሽ የብረት ጽዋ በኩሽኔታው ላይ ትቀመጥና ከሥሯ በተበሳው ቀዳዳ ዘይቱ ይወርዳል። የዚህ ዓይነቷ ጽዋ ጉድለት ግልጽ ነው፤ ዘይቱ ወዲያውኑ ፈስሶ ያልቅና መኪናው ጥቂት ቆይቶ ደረቅ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በጽዋዋ ውስጥ የሱፍ ፈትል ማስገባት ተለመደ። በኩራዝ ውስጥ ያለው ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስበው ሁሉ ፈትሉም ዘይቱን እየሳበ ጠብታ በጠብታ ወደ ኩሽኔታው ያወርዳል። ይህ ትልቅ መሻሻል ነበር። ነገር ግን ፈትሉ መኪናው ሲሠራና ሲቆም ለይቶ አያውቅምና፣ ሠራተኛው ካላወጣው በቀር መኪናው ቆሞም ዘይቱ ይንጠባጠባል።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ችግር ግን የእንፋሎት ሞተር ሲሊንደር ነበር። ኩሽኔታ ከውጭ ስለሚገኝ እጅ ይደርስበታል። ሲሊንደሩ ግን የተዘጋ ነው፤ በውስጡም ፒስቶኑ በኃይለኛ እንፋሎት እየተገፋ ይመላለሳል። በዚያ ላይ ቀዳዳ ከፍቶ ዘይት ላፍስስ የሚል ሰው ቢኖር እንፋሎቱ ዘይቱን መልሶ ወደ ፊቱ ይረጨዋል። ስለዚህ በባቡር ላይ ይህ ሥራ የሚሠራው ነጂው እንፋሎቱን በዘጋበት ጊዜ ብቻ ነበር። ባቡሩ በጣቢያ ሲቆም ወይም ቁልቁለት ሲወርድ ከሰል ጨማሪው በሎኮሞቲቩ ጎን ባለው ጠባብ መተላለፊያ ወጥቶ በጽዋው ውስጥ የቀለጠ ሞራ ያፈስ ነበር። ባቡሩ እየሄደ ሳለ ይህን ማድረግ ምን ያህል አደገኛ እንደ ነበረ ማሰብ አያዳግትም። ሞራውም ቢሆን በእንፋሎቱ ሙቀት እየተበላሸ አሲድ ይፈጥርና ብረቱን ይበላው ነበር። በ1859 በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ክፍለ ሀገር የነዳጅ ዘይት ጉድጓድ ተቆፍሮ ከተሳካ ወዲህ ግን ከምድር የሚወጣው ዘይት እየቀረበ ሄደ፤ ይሁን እንጂ ዘይቱን እንፋሎት ወዳለበት ሲሊንደር እንዴት እናስገባው የሚለው ጥያቄ እንዳለ ነበር።

ለዚህ ጥያቄ በ1860 አንድ መልካም መልስ የሰጠው ጆን ራምስቦተም የተባለው የእንግሊዝ አገር የባቡር መሐንዲስ ነው። ዘዴው እንዲህ ነበር። ዘይት በተሞላው የተዘጋ ዕቃ ውስጥ ጥቂት እንፋሎት ይገባል፤ እንፋሎቱም ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርድና ዘይቱን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ከአፉ የተረፈው ዘይትም በቧንቧ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ከሁለት ዓመት በኋላም ጄምስ ሮስኮ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ በዚሁ ሐሳብ ላይ የራሱን ማሻሻያ ጨመረ። እንግዲህ ማኮይ ወደዚህ ሥራ ከመግባቱ በፊት ሌሎች ሰዎች ጀምረውት እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን። ይህንንም በኋላ ስለምንመለስበት አንባቢ ልብ ይበልልን።

ኤላይጃ ማኮይ የተወለደው በ1844 በካናዳ አገር ኮልቸስተር በምትባል ቀበሌ ነው። ኤላይጃ የሚለው ስም በእኛ ቋንቋ ኤልያስ ማለት ነው። አባቱና እናቱ በአሜሪካ በኬንታኪ ክፍለ ሀገር በባርነት ይኖሩ የነበሩ ጥቁሮች ሲሆኑ፣ አምልጠው ወደ ካናዳ የገቡት በጊዜው የምድር ውስጥ ባቡር ይባል በነበረው መንገድ ነው። ይህ ስም ለምሥጢሩ ተብሎ ወጣለት እንጂ ሐዲድም ሎኮሞቲቭም የለውም፤ የሚሸሹትን ሰዎች ከቤት ወደ ቤት እየተቀባበሉ የሚያሻግሩ ደጋግ ሰዎች ማኅበር ነበር። እነዚህ ወላጆች ራሳቸው የትምህርት ዕድል ባያገኙም ልጃቸው በዐሥራ አምስት ዓመቱ ገደማ ወደ ስኮትላንድ ኤዲንብሮ ከተማ ተሻግሮ የመካኒክነት ሙያ እንዲማር አደረጉ። ውቅያኖስ አሻግሮ ልጅን ለትምህርት መላክ በዚያ ዘመን ለባለጸጎችም ቀላል አልነበረም። ከትናንት ወዲያ በባርነት ለነበሩ ሰዎች ግን ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር ወላጆቻችን ከእኛ ይልቅ ይገምቱታል።

ኤላይጃ ትምህርቱን ፈጽሞ ሲመለስ ቤተ ሰቡ በአሜሪካ በሚሺጋን ክፍለ ሀገር ኢፕሲላንቲ በተባለች ከተማ ሰፍሮ ነበር። እሱም በመሐንዲስነት ሥራ ለማግኘት ሞከረ፤ ነገር ግን በቆዳው ቀለም ምክንያት በሩ ተዘጋበት። ያገኘው ሥራ በሚሺጋን ሴንትራል የባቡር ኩባንያ ከሰል ጨማሪና ዘይት አጠጪ መሆን ብቻ ነበር። በኤዲንብሮ ስለ እንፋሎት ጠባይ የተማረው ሰው አካፋና የዘይት ዕቃ ይዞ ቆመ።

ሌላው ሰው በዚህ ቢያዝን አይፈረድበትም። ማኮይ ግን የተሰጠውን ዝቅተኛ ሥራ እንደ ትምህርት ቤት ቆጠረው። መሐንዲሱ በወረቀት ላይ ብቻ የሚያውቀውን ችግር እሱ በእጁ ይዳስሰው ነበርና፣ መኪናው መቼ እንደሚደርቅ፣ ዘይቱ የት እንደሚባክን፣ ባቡሩም በዚህ ምክንያት ምን ያህል ጊዜ እንደሚያጠፋ በየቀኑ ተመለከተ። ትምህርትና ልምድ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚወለድ የታየውም ከዚህ የተነሣ ነው።

በጁላይ ወር 1872 ለእንፋሎት ሞተር ዘይት ማጠጫ መሻሻል ቁጥሩ 129843 የሆነ ፓተንት ተሰጠው። ፓተንት ማለት አንድ የፈጠራ ሥራ የባለቤቱ መሆኑን መንግሥት የሚያረጋግጥበት ሰነድ ነው። የሥራው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። የዘይት ጽዋው ወደ ሲሊንደሩ የሚወስድ መውረጃ አለው፤ መውረጃውንም ቫልቭ ይዘጋዋል። ቫልቩ በዘንግ ከአንዲት ትንሽ ፒስቶን ጋር ተያይዟል። ሞተሩ ሲሠራ እንፋሎቱ ያችን ትንሽ ፒስቶን ይገፋታል፤ እሷም ቫልቩን ከፍታ ዘይቱን ታወርዳለች። ስለዚህ መኪናው በራሱ ጉልበት ራሱን ዘይት ያጠጣል፤ ለዚሁ ሲባል መቆምም አያስፈልገውም። ቀድሞ ዘይቱን አላስገባ ይል የነበረው እንፋሎት አሁን በር ከፋች ሆነ ማለት ነው። ጠላት የነበረውን ኃይል አገልጋይ ማድረግ የመሐንዲስነት ሁሉ ጥበብ ነውና፣ በዚህች ትንሽ ጽዋ ውስጥ ትልቅ ትምህርት ተቀምጧል።

ማኮይ በዚህ ብቻ አልረካም። በዚያው ጊዜ የጀመረውን ማሻሻል ከአርባ ዓመት በላይ ቀጠለበት። በሕይወቱ ዘመን ያገኛቸው ፓተንቶች ከ50 ይበልጣሉ፤ አብዛኞቹም የዘይት ማጠጫና የዘይት ጽዋ ማሻሻያዎች ናቸው። በመካከሉ በ1874 ለልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ፣ በ1899 ደግሞ ለሣር ውሃ መርጫ ፓተንት ወስዷል። በ1898 እንደገና ወደ ዘይት ጽዋ ተመልሶ አዲስ ማሻሻያ አስመዘገበ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለዚህ ሰው ሥራ የተነገረ ይመስላል።

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ባቡሮች ከፊተኛው እጅግ የጋለ እንፋሎት መጠቀም ጀመሩ። ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ተራው ዘይት የማለስለስ ኃይሉን እያጣ ተቸገሩ። ለዚህ መድኃኒት ሆኖ የተገኘው ግራፋይት ነው። ግራፋይት በምንጽፍበት እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ሲሆን፣ ልስላሴው በሙቀት አይጠፋም። ችግሩ ግን ዱቄቱ ከዘይት ጋር ሲደባለቅ በቧንቧው ውስጥ እየረጋ መንገዱን መድፈኑ ነው። ማኮይ በ1915፣ ዕድሜው ሰባ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ግራፋይቱ ሳይደፍን ከዘይቱ ጋር እንዲሄድ የሚያደርግ ማጠጫ ሠርቶ ፓተንት አገኘ። በ1920ም በዲትሮይት ከተማ በስሙ የሚጠራ ፋብሪካ ተቋቋመ።

ከዚህ በላይ ስለ እሱ የሚነገረው ሁሉ ግን በሚዛን መታየት አለበት። በእንግሊዝኛ ቋንቋ አንድ ዕቃ ትክክለኛና ያልተመሳሰለ መሆኑን ለመግለጽ «እውነተኛው ማኮይ» የሚባል አነጋገር አለ። ብዙ መጻሕፍት ይህ አነጋገር የመጣው ገዢዎች የማኮይን ዘይት ማጠጫ ከማስመሰያው ለይተው ሲጠይቁ ነው ይላሉ። ታሪኩ ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ «እውነተኛው ማካይ» የሚል ተመሳሳይ አነጋገር በስኮትላንድ በ1856 በጽሑፍ ይገኛል። በዚያ ጊዜ ኤላይጃ ገና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ደግሞም በራሱ ዘይት የሚያጠጣ መሣሪያን ለመጀመሪያ ጊዜ የፈጠረው ማኮይ ነው የሚሉ አሉ፤ የራምስቦተም ሥራ ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት ይቀድመዋል።

ታዲያ ይህን መናገራችን ክብሩን ለመቀነስ ነውን? አይደለም። እንዲያውም እኛ የምናምነው የሚገባውን ክብር የሚሰጠው እውነቱ መሆኑን ነው። የተጋነነ ምስጋና አንድ ቀን ሲፈርስ እውነተኛውን ሥራ አብሮ ይጥለዋል። ተጨባጩ ሥራ ግን በሰነድ ላይ ሰፍሮ አለ፤ ቁጥር አለው፤ ሥዕል አለው፤ የተፈረመበት ቀንም አለው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው፣ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ልጅ በተዘጋበት በር ፊት ቆሞ ከ50 በላይ ጊዜ መኪናን ማሻሻሉ ያለ ተረት ራሱን ችሎ የሚቆም ታላቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ልናነሣው የሚገባ ሌላም ሰው አለ። የፓተንት ሰነድ የፈጣሪውን ቀለም አይናገርምና፣ ጥቁሮች የሠሩት ሥራ ስም ሳይታወቅ ሊቀር ይችል ነበር። ሄንሪ ቤከር የተባለ በአሜሪካ የፓተንት መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረ ጥቁር ሰው ግን በ1900 ለተደረገው የፓሪስ ኤግዚቢሽን ወደ ፓተንት ጠበቆች በተላከው ደብዳቤ አማካይነት የጥቁር ፈጣሪዎችን ስም እያሰባሰበ ጻፈ። የማኮይም ስም በዚህ መዝገብ ውስጥ ተጠብቋል። ስለዚህ ታሪክን የሚያኖረው የሠራው ሰው ብቻ ሳይሆን መዝግቦ ያቆየውም ጭምር መሆኑን እናስተውላለን።

ማኮይ ሀብታም ሆኖ አልሞተም። ፋብሪካ ለማቆም ገንዘብ ስላልነበረው የብዙዎቹን ፓተንቶች መብት ለሌሎች አሳልፎ ሰጥቷል። በ1922 እሱና ባለቤቱ በመኪና አደጋ ተጎዱ፤ ባለቤቱም ከዚያው ጉዳት የተነሣ አረፈች። እሱም ከዚያ ወዲህ ጤና አላገኘም፤ በኦክቶበር 1929 በዲትሮይት አጠገብ ኤሎይዝ በሚባለው ሆስፒታል ሞተ። ከብዙ ዘመን በኋላ በ2001 ስሙ በአሜሪካ የታላላቅ ፈጣሪዎች መዝገብ ውስጥ ገባ። በ2012ም የአሜሪካ መንግሥት የፓተንት መሥሪያ ቤቱን ቅርንጫፍ በዲትሮይት ሲከፍት በእሱ ስም ሰየመው። በጽሑፍ ተለምኖ ፓተንት ይሰጠው የነበረው መሥሪያ ቤት በመጨረሻ ስሙን በደጁ ላይ ጻፈለት።

ውድ አንባብያን፤ የእንፋሎት ባቡር ዘመን አልፏል። በጽዋ ውስጥ የነበረው ሐሳብ ግን፣ ማለት መኪና ሳይቆም በልኩና በጊዜው ዘይት ማግኘት እንዳለበት የሚያዘው፣ ዛሬም በየሞተሩ ውስጥ ይሠራል። ከእኛ መካከል ወደፊት መሐንዲስ የሚሆኑ ይኖራሉ። ሁሉም አዲስ መኪና አይፈጥሩ ይሆናል። ነገር ግን በእጃቸው የገባውን፣ ሌላው የጀመረውን ነገር ከትናንት ዛሬ የተሻለ አድርገው ቢያስረክቡ፣ ለቀደመው ሰው ምስጋናውን ሳይነሡ የራሳቸውንም ሥራ በእውነት ቢያስመዘግቡ፣ የተማሩበትን ትምህርት ቤትና ያስተማሯቸውን ወላጆች አኩርተዋል ማለት ነው።