ፈትልና ማስታወሻ

ታሪክ ስንማር ብዙውን ጊዜ የምናነበው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ነው። ላም ያለበ፥ ፈትል የፈተለ፥ እሳት ያነደደ ሰው ግን ስሙ በመጽሐፍ አይገኝም። እንዲህ ያለው የዕለት ሥራ ካልተጻፈ ታሪክ ጎዶሎ እንደሚሆን በአንዲት ሴት ማስታወሻ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ማርታ ባላርድ እ.ኤ.አ. በ1735 ተወለደች። ዛሬ ሜይን በሚባለው የአሜሪካ ክፍል፥ በኬነቤክ ወንዝ አጠገብ በሃሎዌል የምትኖር አዋላጅ ነበረች። ከ1785 ጀምሮ እስከ ሞተችበት እስከ 1812 ድረስ፥ 27 ዓመት ሙሉ፥ የየዕለቱን ነገር በትንንሽ ደብተር ስትጽፍ ኖራለች። በዚህም ጊዜ 816 ልጆች ሲወለዱ መገኘቷ ከማስታወሻዋ ታውቋል።

በዚያ አገር ክረምት ማለት እንደ እኛ የዝናብ ሳይሆን የበረዶ ወራት ነው። ወንዙ ረግቶ መንገድ ይሆናል፤ ማርታም ምጥ ወደ ያዛት ሴት ለመድረስ በበረዶው ላይ ትሻገር ነበር። ወደ ቤቷ ስትመለስ ደግሞ ከብቱ፥ ምግቡና ፈትሉ ይጠብቋታል። በእኛ አገር ለፍሬው የሚዘራው ተልባ በዚያ ለቃጫው ይዘራ ነበር፤ ቃጫውም ከበግ ጠጕር ጋር በቤት ይፈተላል። በእኛ ዘንድ ሽመና የወንድ ሙያ ሲሆን፥ በማርታ ቤት ግን የሚሸምኑት ሴቶች ልጆቿ ነበሩ። እነርሱ ቤቱን ስለ ያዙላት እርሷ ወደ ሰው ቤት ለመሄድ ቻለች፤ አግብተው ሲወጡ ግን ሸክሙ በጣም ከበዳት።

ከሞተች በኋላ ደብተሮቹ በዘመዶቿ እጅ ቆዩ። በ1870 የከተማውን ታሪክ ያሳተመ ሰው አንብቧቸው፥ የሚበዛው ነገር ለሌላ ሰው አይረባም ብሎ ጥቂቱን ብቻ ወሰደ። በ1884 ደብተሮቹ በአራተኛ ትውልድ ለምትወለዳት ለሐኪሟ ለሜሪ ሆባርት ተሰጡ፤ እርሷም በ1930 ለሜይን ቤተ መጻሕፍት አስረከበቻቸው።

ሎረል ታቸር ኡልሪክ የተባለች የታሪክ ምሁር ግን የተናቀውን ፈትልና ሒሳብ መረመረች። ሴቶቹ ጨርቅና ጉልበት እየተለዋወጡ የራሳቸው ንግድ እንደ ነበራቸው፥ ይህም በወንዶቹ የሒሳብ መዝገብ እንደማይገኝ አስረዳች። በ1990 ያወጣችው መጽሐፍ በሚቀጥለው ዓመት የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ። ሮበርትና ሲንቲያ ማኮስላንድ ደግሞ ማስታወሻውን በሙሉ ገልብጠው በ1992 አሳተሙት። እንግዲህ አንዱ አይረባም ያለው ለሌላው ዋና ምስክር ሆነ።

በአገራችንም ብዙ አባቶች የልጅ ልደትና የዘመድ ዕረፍት በዳዊት መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ ይጽፉ ነበር። አንዳንዱ ቤት የእህል፥ የብድርና የማኅበር መዝገብ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ምስጥና ጢስ ይጨርሱታል፤ የእናቶቻችን ሥራማ ከነጭራሹ አልተጻፈም።

ስለዚህ በክረምቱ ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ፥ ቀን አረም ስናርም ወይም እናቶቻችንን ስናግዝ ውለን፥ ማታ ማታ አንድ አንድ ገጽ እንገልብጥ። ስሙንና ዘመኑን እንደ ተጻፈው እንጻፍ፤ ትንሽ ነገር ነው ብለን አንዝለል። ያልተጻፈውንም እናቶቻችንን እየጠየቅን እንመዝግብ። የምንንቀው መስመር ነገ የሚፈለገው እርሱ ሊሆን ይችላልና።