የሰው ወርቅ አያደምቅ፦ ከፓሪስ ምሽቶች እስከ ጉንደት

ከአዲስ አበባ፣ ከናይሮቢ ወይም ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ካይሮ ለመዝናናት የሚሄድ ሰው ከመንገዱ አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ያሰላል፤ የሚያድርበትን፣ የሚገዛውንና የሚያመሽበትን። የማደሪያው ዋጋ አስቀድሞ ይታወቃል። የግዢው በግምት ይያዛል። የምሽቱ ግን ብዙ ጊዜ ከስሌት ያመልጣል፤ ምሽት ሲደምቅ የእጅ መፍታት ልማድ አለና። ይህ ተራ የሚመስል ስሌት የራሱ ታሪክ አለው። ከታሪኩም አንዱ ምዕራፍ በአውሮፓ ጎዳናዎች ተጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ ተራሮች ላይ የተቋጨ ነው።

በ1867 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ዓይነት እንግዶች ፓሪስ ገቡ። አንደኛዎቹ ሳንቲማቸውን ቆጥረው፣ ወጪያቸውን አስቀድመው ከፍለው የመጡ የእንግሊዝ መምህራን፣ ጸሐፊዎችና ባለሱቆች ነበሩ። ሁለተኛው የግብጽ ገዥ ኢስማኤል ፓሻ ነበሩ። ሁለቱም አንዲት ከተማ አዩ፤ ሁለቱም በአንድ መብራት ተደነቁ። ወደ አገራቸው ይዘውት የተመለሱት ነገር ግን እጅግ የተለያየ ነበር።

ለመዝናናት የተሠራች ከተማ

የያኔዋ ፓሪስ ገንዘብ ለማውጣት የተመቸች ከተማ ነበረች። ከ1853 ጀምሮ ባሮን ኦስማን በንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊ ትእዛዝ የጥንቱን ጠባብ ሰፈር እያፈረሰ ሰፋፊ ጎዳናዎችንና መናፈሻዎችን፣ ከሥራቸውም የውኃና የፍሳሽ መስመሮችን ዘረጋ። በ1855 የሉቭር ታላቅ ሆቴል፣ በ1862 ደግሞ በኦፔራው ሰፈር ሌላ ታላቅ ሆቴል ተከፈተ፤ ሁለቱም በመቶዎች የሚቆጠሩ ክፍሎች ነበሯቸው። ጎዳናው በጋዝ መብራት ሲደምቅ ምሽት በር መዝጊያ መሆኑ ቀርቶ የቴአትር፣ የካፌና የጭፈራ ሰዓት ሆነ።

ገበያውም መልኩን ለወጠ። በ1852 ቦን ማርሼ በተባለው ሱቅ ውስጥ ሽርክና የገባው አሪስቲድ ቡሲኮ በየዕቃው ላይ ቁርጥ ዋጋ መለጠፍን፣ ያልገዛም ሰው ገብቶ እንዲያይ መፍቀድን፣ የተገዛን ዕቃ መልሶ መቀበልን ካስፋፉት ነጋዴዎች ዋነኛው ነበር። ከትንሽ ትርፍና ከብዙ ሽያጭ ሀብት ገነባ። ይህ አሠራር ለመንገደኛ ሁለት ፊት ነበረው። በአንድ በኩል ፈረንሳይኛ የማያውቅ እንግዳ ሳይከራከርና ሳይታለል ወጪውን እንዲያሰላ አስቻለው። በሌላ በኩል ለማየት ብቻ የገባውን ሰው ያላሰበውን ገዝቶ እንዲወጣ አደረገው። ዛሬ በየገበያ አዳራሹ ከሚታየው ነገር ብዙው ከዚያ የመጣ ነው።

በዚህ ላይ የ1867 ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተጨመረበት። በሻን ደ ማርስ ሜዳ በተሠራው ግዙፍ አዳራሽ የየአገሩ ምርት ቀረበ፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ጉብኝትም ተመዘገበ። የኦቶማኑ ሱልጣን አብዱልአዚዝ ሳይቀሩ ፓሪስ ገቡ። ማታ ማታ ነገሥታትና መሳፍንት በቫሪዬቴ ቴአትር የኦፈንባህን አዲስ ሙዚቃዊ ተውኔት ለማየት ይጎርፉ ነበር። ተውኔቱ እመቤቱን ለማዝናናት ሲል ጦርነት በሚከፍት ቤተ መንግሥት ላይ የሚያላግጥ ነበር። የተላገጠባቸው መሳፍንት ራሳቸው ከልብ ሳቁ።

ቆጥረው የመጡት

ከዚያ በፊት የመዝናናት ጉዞ የባለጸጋ ጉዳይ ነበር። ባለጸጋው ከባንኩ የብድር ደብዳቤ ይዞ ይነሣና በየደረሰበት ከተማ ካለ ወኪል ባንክ ገንዘብ ያወጣል። ሆቴል ሲለቅ ለሻማው ብቻውን፣ ለአስተናጋጁም ብቻውን የተጻፈበት ረጅም ሒሳብ ይቀርብለታል። አነስተኛ ደመወዝተኛ እንዲህ ባለ መንገድ ሊጓዝ አይችልም፤ የማይደፍረው ከዋጋው ትልቅነት ይልቅ የዋጋውን አለመታወቅ ነው።

ይህን ችግር የፈታው ቶማስ ኩክ የተባለ እንግሊዛዊ አናጺና የመጠጥ ተቃዋሚ ሰባኪ ነበር። ኩክ ሐምሌ 5 ቀን 1841 ወደ 500 የሚሆኑ ሰዎችን እያንዳንዳቸውን በአንድ ሺሊንግ ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ በባቡር ወሰደ። ሰዎቹ የሄዱት ስካርን ለሚቃወም ስብሰባ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ በ1851 ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ለለንደኑ ኤግዚቢሽን አጓጓዘ። በ1867 ደግሞ ወደ 20 ሺህ ለሚጠጉ ደንበኞቹ በፓሪስ ማረፊያ አዘጋጀ። በማግሥቱ ዓመት የሆቴል ኩፖን አወጣ። መንገደኛው ለአልጋና ለምግብ አገሩ ሳለ ይከፍላል፤ ሆቴል ሲደርስ ገንዘብ ሳይሆን ወረቀት ይሰጣል። በ1874 በየአገሩ የሚመነዘር የጉዞ ኖት ተከተለ፤ በ1891 አሜሪካን ኤክስፕረስ የተጓዥ ቼክ አወጣ።

የኩክ ፈጠራ ለመንገደኛው ሌላም ነገር አደረገለት። የማይቀረውን ወጪ ቀድሞ ስለከፈለ በኪሱ የቀረው ገንዘብ የግዢና የምሽት ብቻ ሆነ። ያ ሲያልቅ ምሽቱም ያልቃል፤ ወደ ቤቱ የሚመልሰው ትኬት ግን በእጁ ነው። ስለዚህ ከፓሪስ ዕዳ ይዞ አይመለስም።

ሳይቆጥሩ የመጡት

ኢስማኤል ፓሻ በወጣትነታቸው ፓሪስ የተማሩ፣ ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። በ1863 ሥልጣን ሲይዙ ዕድል ቀንቷቸው ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሳቢያ የደቡቡ ጥጥ ከዓለም ገበያ ስለጠፋ የግብጽ ጥጥ ዋጋ ናረ። ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ ግን ዋጋው ወደቀ። ገቢው ሲቀንስ ወጪው እየጨመረ ሄደ። በዚህም ላይ በ1864 ግብጽ ከሱዌዝ ቦይ ኩባንያ ጋር በነበራት ክርክር ዳኛ ሆነው የተቀመጡት ናፖሊዮን ሣልሳዊ 84 ሚሊዮን ፍራንክ ካሣ እንድትከፍል ፈርደውባት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ኢስማኤልን በፓሪስ በክብር የተቀበሏቸው እኒሁ ንጉሠ ነገሥት ናቸው።

በ1867 ኢስማኤል ከሱልጣኑ ኸዲቭ የሚል ማዕረግ ተቀበሉ። በኤግዚቢሽኑም ሜዳ ላይ ግብጽ በፈረንሳዊው የጥንታዊ ቅርስ አጥኚ ኦጉስት ማሪየት መሪነት በጥንት ቤተ መቅደስ አምሳል የተሠራ አዳራሽና ግመሎች የቆሙበት በረት አቀረበች። ሆኖም ኸዲቩን የማረካቸው አገራቸው ያሳየችው ሳይሆን ፓሪስ ያሳየቻቸው ነበር። ሌላው መንገደኛ ከፓሪስ ጓንትና ሽቶ ገዝቶ ሲመለስ፣ እሳቸው ከተማዋን ራሷን ገዝተው መመለስ ፈለጉ።

በአጭር ጊዜ ውስጥ በካይሮ ምዕራብ በአዲስ ፕላን ኢስማኤልያ የተባለ ሰፈር ተቆረቆረ። ሥራውን የመሩት ፓሪስን አይተው የተመለሱት ሚኒስትር ዐሊ ሙባረክ ነበሩ። የአዝበኪያን መናፈሻ የፓሪስን መናፈሻዎች የተከለው ባሪዬ ዴሻን እንዲያሳምረው ተደረገ። ኅዳር 1 ቀን 1869 አዲሱ ኦፔራ ቤት በቨርዲ «ሪጎሌቶ» ተከፈተ። ኅዳር 17 የሱዌዝ ቦይ ሲመረቅ የፈረንሳይ እቴጌ ዩጄኒን ጨምሮ ከአውሮፓ የተጋበዙ እንግዶች የጉዞና የማደሪያ ወጪያቸው ሁሉ በኸዲቩ ተሸፈነ። ቶማስ ኩክም በበዓሉ ነበር፤ ያመጣቸው ደንበኞች ግን የየራሳቸውን ከፍለው የመጡ ነበሩ።

ቀጥሎ ለኦፔራ ቤቱ አዲስ ድርሰት ታዘዘ። ቨርዲ «አይዳ»ን ለመድረስ 150,000 ፍራንክ ተከፈለው። ታሪኩ በግብጽና በኢትዮጵያ መካከል ስላለ ጦርነትና በካህናቱ አገር በምርኮ ስላለች ኢትዮጵያዊት ልዕልት የሚተርክ ነው። አልባሳቱና የመድረኩ ጌጥ ፓሪስ ተሠርተው ስለነበር በ1870 ፕሩሲያውያን ከተማዋን ሲከቡ እዚያው ተያዙ፤ ትርኢቱም እስከ ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 ዘገየ። በካይሮ መድረክ ላይ ኢትዮጵያ ተሸንፋ፣ ንጉሧ ተማርኮ ታየ። ተመልካቹም አጨበጨበ።

ሒሳቡ ሲቀርብ

የኸዲቩ ዕዳ በጌጥ ብቻ የመጣ አልነበረም። ባቡር ሐዲድ፣ የመስኖ ቦይ፣ ወደብና ትምህርት ቤት ሠርተዋል፤ ከቀዳሚያቸው ከሰዒድ ፓሻ የወረሱትም ግዴታ ነበረ። አበዳሪዎቹም ደጎች አልነበሩም። በ1873 የተወሰደው ብድር በወረቀት 32 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን፣ በእርግጥ የተገኘው ግን ወደ 20 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። የቀረው በቅናሽና በኮሚሽን ቀለጠ። ዕዳው ሥልጣን ሲይዙ ከነበረበት ወደ 3 ሚሊዮን ከሚጠጋ ፓውንድ ተነሥቶ በ1876 ወደ 90 ሚሊዮን ደረሰ። ካይሮ አማረች፤ የሰው ወርቅ ግን አያደምቅም።

ከሁሉ የከፋው ነገ የሚመጣውን ገንዘብ ዛሬ የመብላት ልማድ ነበር። በ1871 «ሙቃበላ» የተባለ ሕግ ወጣ። የስድስት ዓመት የመሬት ግብር አስቀድሞ የሚከፍል ባለመሬት ለዘላለሙ ግብሩ በግማሽ ይቀነስለታል ተባለ። መንግሥት የልጆቹን ገቢ ሸጦ የዓመቱን ወለድ ከፈለ ማለት ነው። ቀሪውን የተሸከመው በጅራፍ ግብር የሚሰበሰብበት የዐባይ ዳር ገበሬ ነበር። ያ ገበሬ ኦፔራ አላየም።

ይኸው ልማድ ወደ ደቡብም ተሻገረ። ምጽዋ በ1865 ከኦቶማኖች ወደ ግብጽ ተዛውራ ነበር። በ1872 የግብጽ ሹም የነበረው ስዊሳዊው ሙንዚንገር ከረንን ያዘ። በ1875 መኸር የኸዲቩ ጦር በአንድ ጊዜ በብዙ አቅጣጫ ዘመተ። በጥቅምት ሐረርን ያዘ፤ በኅዳር ሙንዚንገር በአውሳ ተገደለ፤ ዴንማርካዊው አሬንድሩፕ የሚመራው ጦር ደግሞ ወደ መረብ ወረደ። ጦርነቱን ያመጣው የፓሪስ ሽርሽር ነው ማለት አይቻልም፤ ንግድ፣ ወሰንና የቀይ ባሕር ጉዳይ ነበረበት። ነገር ግን ያልያዙትን እንደያዙት ቆጥሮ ወጪ የማውጣት ጠባይ በኦፔራውም በዘመቻውም አንድ ነው።

ኅዳር 16 ቀን 1875 የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት በጉንደት ያንን ጦር ደመሰሰው፤ አሬንድሩፕም ወደቀ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ኅዳር 25 ኸዲቩ 176,602 የሱዌዝ ቦይ አክሲዮኖችን ወደ 4 ሚሊዮን በሚጠጋ ፓውንድ ለእንግሊዝ መንግሥት ሸጡ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዲዝራኤሊ ገንዘቡን ከሮትሽልድ ባንክ ተበድረው ከፈሉ። ስድስት ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ በታላቅ ድግስ የተመረቀው ቦይ ለወለድ መክፈያ ዋለ። ኸዲቩ ግን በዚህ አላበቁም፤ በራቲብ ፓሻ የሚመራ፣ አሜሪካውያን መኮንኖች ያሉበትና ልጃቸው ልዑል ሐሰን የዘመቱበት ከ10 ሺህ በላይ ጦር ላኩ። እሱም በመጋቢት 1876 በጉራ ተሸነፈ። በሚያዝያ ግብጽ ዕዳዋን መክፈል እንደማትችል አሳወቀች። በግንቦት አበዳሪዎቹ ገቢዋን የሚቆጣጠር የዕዳ ኮሚሽን አቋቋሙ።

«አይዳ» ላይ የታየው ድል በሜዳው ላይ ተገለበጠ። ይሁን እንጂ ጉዳቱ የግብጽ ብቻ አልነበረም። በሠራዬና በአካለ ጉዛይ የነበረው ገበሬ ሁለት ሠራዊት በማሳው ላይ ተመላለሰበት፤ እህሉም ከብቱም ተበላ። ስለ ጋዝ መብራት ያልሰማ፣ የቦን ማርሼን ደጃፍ ያልረገጠ ሰው ያልተደሰተበትን ድግስ ሒሳብ ከፈለ። ድሉም ከረንን ወዲያው አላስመለሰም፤ ግብጾች ከዚያ ለመውጣት የተስማሙት በ1884 ውል ነው። በ1885 መጀመሪያ ደግሞ ጣሊያን ምጽዋን ያዘች።

የቀረው

ኢስማኤል ሰኔ 26 ቀን 1879 ከሥልጣን ተሽረው በስደት ኖሩ፤ በ1895 በኢስታንቡል ሞቱ። እንግሊዝ ግብጽን በ1882 ወረረች። በአብዛኛው ከእንጨት የተሠራው ኦፔራ ቤት በ1971 ተቃጠለ።

የቆጠረው ወገን ታሪክም በድል ብቻ አልተደመደመም። ከ1870 ጀምሮ በኸዲቩ መርከቦች እንግዶችን በዐባይ ላይ ማመላለስ የጀመረው የኩክ ድርጅት ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። በኋላ ግን እሱም በብድር ላይ ብድር ደረበ፤ በመስከረም 2019 በዕዳ ተዘጋ። ወደ 150 ሺህ የሚጠጉ እንግሊዛውያን መንገደኞች በሰው አገር ቀሩና መንግሥታቸው አውሮፕላን ልኮ መለሳቸው። ለሌላው ስሌትን ያስተማረ ቤት የራሱን ስሌት ረሳ።

ኢስማኤል ለ1869 እንግዶቻቸው ያሠሩት የገዚራ ቤተ መንግሥት ግን ዛሬም በካይሮ በዐባይ ዳር ቆሟል። አሁን የታላቅ ሆቴል አካል ነው። ከናይሮቢም ሆነ ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ዋጋውን ጠይቆ፣ በኪሱ ያለውን ቆጥሮ፣ እቴጌ ዩጄኒ በተስተናገዱበት ቤት ሊያድር ይችላል። ጠዋት ሲወጣ ሒሳቡ ይቀርብለታል፤ የሚከፍለውም እሱው ራሱ ነው።