ግልባጭ፦ ከሐይቅ ብራና እስከ ደሴ ኮምፒውተር

ግልባጭ የአንድ ጽሑፍ ሁለተኛ አካል ነው፤ ዋናው ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ ቦታውን ይተካል። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግርጌ የሚሰፍረው ይህ ቃል፣ የኮምፒውተር ባለሙያዎች «ባክአፕ» የሚሉትን ሥራ ከእነርሱ ቀድሞ ሲሠራ ኖሯል። አሮጌ የቤት ኮምፒውተር ሲታደስ የሚያስጨንቀው ጉዳይም አዲስ አይደለም። ጽሑፉ ያረፈበት ዕቃ ያረጃል፤ ጽሑፉ ግን ሳይጎድል ወደ ሌላ ዕቃ መሻገር አለበት። በወሎ፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ጨምሮ በቦሩ ሜዳ ዙሪያ ባለው አገር፣ ይህ ሥራ ቢያንስ የሰባት መቶ ዓመት ታሪክ አለው።

ከደሴ በስተ ሰሜን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ትልቅ የትምህርትና የመጻሕፍት ቤት ሆነ። ለገዳሙ ያበረከቱት አራቱ ወንጌል በ1273 ዓ.ም. ግድም የተጻፈ ሲሆን፣ ዘመናቸው ተለይቶ ከሚታወቁት የግዕዝ ብራናዎች ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ብራና ማዘጋጀት አድካሚ ነበር። ቆዳው ተወጥሮ ይፋቃል፣ ይሰመራል፣ ቀለሙ ይበጠበጣል፣ ከዚያ በኋላ ጸሐፊው ፊደሉን አንድ በአንድ ይጽፋል። አንድ መጽሐፍ ወራት ስለሚፈጅ ሁሉንም ነገር ደጋግሞ መገልበጥ አይቻልም። በዚህም የተነሣ የርስት ስጦታና የገዳም ንብረት ዝርዝር በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር። ከቤቱ ዕቃ ሁሉ አብልጦ የሚጠበቀው ወንጌል ነውና፣ የሚፈለገው ሰነድ በእርሱ ጥላ ሥር ይቀመጥ ነበር። በዳናና በጀማ ንጉሥ ባሉት የወሎ የእስልምና ማዕከላትም ደረሳዎች ኪታብ በእጅ ይገለብጡ ነበር። በአረብኛ ፊደል የተጻፉ የአማርኛ መንዙማዎችም ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገሩት በቃል እየተዜሙና በእጅ እየተገለበጡ ነው።

በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት በቦሩ ሜዳ የተካሄደው የሃይማኖት ጉባኤ የግልባጭን ክብደት በሌላ መንገድ ያሳያል። ጉባኤው የተዋሕዶን ትምህርት አጽንቶ የሦስት ልደትን ትምህርት አወገዘ። ተከራካሪዎቹ ማስረጃቸውን የሚጠቅሱት ከመጻሕፍት ነበር። በእጅ የሚገለበጥ መጽሐፍ ደግሞ አንድ ፊደል ሊጥል፣ አንድ ቃል ሊለውጥ ይችላል። ትክክለኛ ግልባጭ መያዝ እንግዲህ ከጥበቃም በላይ የእምነትና የሥልጣን ጉዳይ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የጽሕፈት መኪና ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን መኪና ሲሠሩ የገጠማቸው ችግር የፊደሉ ብዛት ነበር፤ ቀለማትንና ምልክቶችን ለይተው እየገጣጠሙ አቃለሉት። መኪናው ከካርቦን ወረቀት ጋር ሲሠራ በአንድ ምት ሁለትና ሦስት ቅጂ ይወጣል፤ አንዱ ለባለ ጉዳዩ፣ ሌላው ለመዝገብ ቤት። የአገሪቱ የመሥሪያ ቤት ሥርዓት በዚህ ልማድ ላይ ቆመ።

የሐይቅ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1973 ወዲህ ከአካባቢው ርቆ የሚቀመጥ ግልባጭ አገኙ። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ሥራ ተጀመረ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የኮሌጅቪል ገዳም ቤተ መጻሕፍት በተባበሩበት በዚህ ሥራ ከ9 ሺህ በላይ ብራናዎች በፊልም ተነሡ። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በዚያ ዝርዝር 1832ኛው ቁጥር ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በኮሌጅቪል ለአሥርት ዓመታት ፊልሞቹን እያነበቡ ዝርዝራቸውን አዘጋጅተዋል። ብራናው በሐይቅ፣ ፊልሙ በአዲስ አበባና በሚኒሶታ መሆኑ ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃት ነው፤ አንድ እሳት ወይም አንድ ጎርፍ ሁሉንም ሊያገኝ አይችልም። በኋላ ፊልሙ ራሱ ማርጀት ስለማይቀርለት ምስሎቹ ወደ ኮምፒውተር ተዛወሩ።

በኮምፒውተር ዘመን የአማርኛ ጽሑፍ በላቲን ፊደል ከሚጻፈው የባሰ ፈተና ገጠመው። የቀድሞዎቹ ኮምፒውተሮች ለአንድ የፊደል ዓይነት የሚሰጡት ቦታ በአብዛኛው ከ256 የማይበልጥ ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ ከፊሉ ለትእዛዝ ምልክቶች የተያዘ ነበር። 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከልኩ ያልፋሉ። ስለዚህ አንዳንዶቹ ፕሮግራሞች ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ የፎንት ፋይሎች ከፈሉት። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪ፣ ብራናና ሌሎችም ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሳቸውን ቁጥር ሰጡ። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የሚታየው የተደበላለቀ የላቲን ፊደል ነው። ፋይሉ አለ፣ መጠኑም አልቀነሰም፤ የሚያነበው ግን የለም። በተለይ ዊንዶውስ ከ98 ወደ ኤክስፒ፣ ከኤክስፒ ወደ 7 በተቀየረ ቁጥር አሮጌው የግዕዝ ፕሮግራም በአዲሱ ላይ አልጫን የሚልበት ጊዜ ነበር። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ ዕድሩ የአባላቱን ዝርዝር፣ ደብሩ የሰበካ ጉባኤውን ቃለ ጉባኤ በዚህ መንገድ ሊያጣ ይችል ነበር። ይህ ዓይነቱ ጥፋት ከእሳት ይልቅ ያሳዝናል፤ ጽሑፉ በእጅ ላይ እያለ የጠፋ ነውና።

መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1999 መጣ። በዚያ ዓመት የወጣው 3ኛው የዩኒኮድ ዕትም ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቋሚ ቁጥሮች ሰጠ። ዊንዶውስ ቪስታም እ.ኤ.አ. በ2007 ኒያላ የተባለውን የዩኒኮድ ፎንት ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የሚጻፍ አማርኛ እንዲህ ያለ ፎንት ባለው ማሽን ሁሉ ይነበባል። የቀድሞዎቹ ፋይሎች ግን በመቀየሪያ ፕሮግራም ካልተሻገሩ ባሉበት ይቀራሉ።

ማሽኑን የማደስ ልማድም የራሱ ታሪክ አለው። በኢትዮጵያ ከተሞች የቤት ኮምፒውተር ሲዘገይ የተለመደው መድኃኒት «ፎርማት ማድረግ» ነው፦ ያለውን አጥፍቶ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ መጫን። ለዚህ ሲባል ሃርድ ዲስኩ «ሲ» እና «ዲ» ተብሎ ይከፈላል፤ ፎርማት የሚደረገው ሲ ስለሆነ ዲ ላይ ያለው ይተርፋል። ዘዴው ለፎርማት ይበጃል፤ ለባክአፕ ግን አይሆንም። ሁለቱም አንድ ዲስክ ላይ ናቸውና መብራት በድንገት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ዲስኩ ቢቃጠል አብረው ይሄዳሉ። ዕቃ መጨመርም ልክ ይፈልጋል። ራም ከማዘርቦርዱ ዓይነት ጋር ካልገጠመ አይገባም፤ ሰፊው የአይዲኢ ገመድ በቀጭኑ ሳታ ከተተካ በኋላ የድሮውን ዲስክ በተለምዶ «ሲፒዩ» ከሚባለው አዲስ የኮምፒውተር ሣጥን ጋር ለማገናኘት አስተላላፊ ዕቃ ያሻል። ፎቶና ጽሑፍ የሚሻገርበት መያዣም ከ1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ ተቀየረ። ፍላሹ ሥራውን ቢያቀልም ቫይረስንም ከቤት ቤት አዛመተ፤ ፋይሎችን ደብቆ በምትካቸው አቋራጭ ምልክት የሚያስቀምጠው ዓይነት ብዙ ሰው ሥራው የጠፋበት እንዲመስለው አድርጓል።

ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት መድረክ በሆኑበት ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወሎ ዩኒቨርሲቲና የአካባቢው ሆስፒታሎች ዘረፋና ውድመት ደርሶባቸዋል። ኮምፒውተር ሲወሰድ በውስጡ ያለው መዝገብ አብሮ ይሄዳል፤ ከጎኑ በመሳቢያ የተቀመጠ ተነቃቃይ ዲስክም እንዲሁ። በሐይቅ ብራናዎች ላይ አስቀድሞ የተሠራው ሥራ፣ ማለትም ግልባጩን ከአካባቢው ማራቅ፣ ለቤት ኮምፒውተርም የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። አሁን ብዙ ሰው ፋይሉን በቴሌግራም ለራሱ እየላከ ያስቀምጣል፤ ለትንንሽ ሰነዶች ቀላል መንገድ ነው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ወዲህ የተሠሩ ፕሮሰሰሮችን ስለሆነ ብዙ አሮጌ ማሽኖች ከመስመሩ ውጭ ቀርተዋል። ኤስኤስዲ የተባለው ፈጣን ዲስክ ተገጥሞላቸውና ራም ተጨምሮላቸው፣ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት ሊሠሩ ይችላሉ፤ ሊኑክስም አማርኛ ይጽፋል። ከዚያ በፊት ግን ፋይሎቹ ወደ ሌላ ዲስክ ተገልብጠው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍተው መታየት አለባቸው። በድሮው የግዕዝ ፎንት የተጻፉት ደግሞ የጻፋቸው ፕሮግራም ገና በሚሠራበት በአሮጌው ማሽን ላይ እንዳሉ ወደ ፒዲኤፍ ይለወጣሉ፤ ፎንቱ በፋይሉ ውስጥ አብሮ ከተቀመጠ ወደ ዩኒኮድ እስኪቀየሩ ድረስ በማንኛውም ኮምፒውተር ይነበባሉ።